የእኛ አምላክ ጆሮው አይከብድም

በዚያ የድንጋይ ካባ ሠራተኛው ከድማሚቱ ይልቅ አለቃውን ይፈራ ነበር። ድማሚት ቢያንስ ከመጮኹ በፊት ክሩ ይጨሳል፤ አለቃው ግን ሳይጨስ ነው የሚፈነዳው። በስሙ የሚጠራው የለም። ቱምቢ ይሉታል፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በሚያይባት፣ ከክር ጫፍ በምትንጠለጠለው ብረት። እውነትም ቀጥ ያለ ሰው ነው። አይሰርቅም፣ አይጠጣም፣ የሰው ላብ አይበላም። ከእሱ ጋር ያልተስተካከለውን ሁሉ ግን ጠማማ ይለዋል፤ ቱምቢዋ ራሷ ተወዛውዛ እንደሆነ ለማየት አንድም ቀን ቀና ብሎ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ሲሰማ አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ካባው ከከተማው ዳር፣ ጎኑ ተቦድሶ ባለቀ ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ ሰርሳሪዎቹ ዓለቱን ይበሳሉ። ከቀትር በኋላ ጉድጓዶቹ ድማሚት ይጎርሳሉ፣ ማቀጣጠያ ክር ይሰካላቸዋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዉም ግር ብሎ መከለያው ውስጥ ይገባል። መከለያው በሩ ለዓለቱ ጀርባውን የሰጠ፣ መስኮት የሌለው የሲሚንቶ ክፍል ነው። አግዳሚዎቹ በስንት ዓመት መቀመጫ ለስልሰው ያብረቀርቃሉ።

ክሩን የሚለኩሰው አባባ ባሩድ የሚሉት ሽማግሌ ነው። ቅንድቡን እሳት በልቶት አልቋል፤ ከሁለት ጆሮው አንዱ ጡረታ ወጥቷል። የታችኛው ሰፈር ሰው ነው። የታችኛውና የላይኛው ሰፈር ሰዎች ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ ወንፊትና መጥረቢያ ይዋዋሳሉ። አምላካቸው ግን አንድ አይደለም። ላይኞቹ አንድ አይደለም ይላሉ፤ ታችኞቹም በዚህች በአንዷ ነገር ብቻ ከላይኞቹ ጋር ይስማማሉ።

አባባ ባሩድ ክሩን ለኩሶ ጉልበቱ እንደፈቀደለት እየሮጠ መከለያው ይገባል። ዓለቱ ያገሳል፣ ጣሪያው አቧራ ያራግፋል። ያን ጊዜ ሽማግሌው የራስ ቆቡን ያወልቅና ይጸልያል። ጸሎቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ያለው አይመስልም። ለተራራው ባለቤት ምስጋና፣ ለተሰበረው ድንጋይ ይቅርታ፣ ለሰባሪዎቹ ዕድሜ፣ ከዚያ ለመዶሻቸው፣ ለእጃቸው፣ ለሚስቶቻቸው፣ ለእናቶቻቸው፣ በመንገድ ላለው፣ በአልጋ ላለው፤ እያንዳንዱም ሐረግ ተመላልሶ ይባላል። ሰዉ በየመሃሉ «ይሁን» ይላል። ሽማግሌ ሲጸልይ ጥሎ መውጣት ነውር ስለሆነ ከላይም ከታችም የመጣው ሠራተኛ እኩል ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዱ ያንቀላፋል፣ ሌላው የእጁን ስንጥር ይነቅላል። የመጨረሻው «ይሁን» ሲባል ብቻ ይወጣሉ። አባባ ባሩድ ጸሎቱን ያገኘው ሙያውን ካስተማረው ሰው ነው፤ ያም ካስተማረው። ኩባንያው ስለ ፍንዳታ በቆርቆሮ ላይ አጽፎት የነበረ መመሪያ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ልሶት ነጥቷል፤ ምን ይል እንደነበር የጠየቀ ሰው የለም።

ቱምቢም፣ የላይኛው ሰፈር ሰው ሆኖ፣ በዚያ ጸሎት ስር ስንት ዓመት ተቀምጧል። ጥርሱን ነክሶ። ለራሱ አይፈራም ነበር፤ የሚፈራው ለታናሽ ወንድሙ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ሰርሳሪ ነው። ጥርሴ ይሉታል፤ ሲሠራም፣ ሲራብም፣ ሲሰደብም ጥርሱ አይከደንም። እናታቸው ስትሞት ገና እግር ስር የሚል ልጅ ነበር። እሷም የቱምቢን እጅ ይዛ «ይሄን ልጅ አደራ። የዚያን ቀን ብቻህን እንዳትመጣብኝ» አለችው። የዚያን ቀን ማለቷ የመጨረሻውን ነው። ቱምቢ ልጁን አበላ፣ አለበሰ፣ ገረፈ፣ ሥራ አስገባ። የቀረው ይዞት መድረስ ብቻ ነበር። ያ ልጅ ደግሞ መከለያው ውስጥ ከሁሉም ድምፁን ጎላ አድርጎ «ይሁን!» የሚለው ነው።

አንድ ማታ እራት ላይ ቱምቢ አላስችል አለው።

«ዛሬም ሰማሁህ» አለ።

«ምን ስል?»

«‹ይሁን› ስትል።»

«እንዴ ወንድም ጋሼ! አንተ እዚያ ጸሎት ላይ ጆሮህን ትደፍናለህ መስሎኝ?»

የቱምቢ ሚስት ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

«ሳቅና ቁም ነገር ለይ። ለማን ነው ‹ይሁን› የምትለው?»

«ለአባባ ባሩድ ነዋ። ሽማግሌ ሲመርቅህ ዝም ትላለህ?»

«መራቂው እሱ አይደለም። የሚጠራው ሌላ ነው፤ የሌለ ነገር ነው።»

«ከሌለማ ምን አስጨነቀህ? የሌለ ነገር አይሰማኝ፣ አይቆጣኝ።»

«ቤት ተሳስተህ ብታንኳኳ ምን ይገጥምሃል?»

«ይቅርታ ብዬ እመለሳለሁ።»

«ውሻ ያለበት ቤት ቢሆንስ?»

ጥርሴ ጉርሻውን ዋጠና ሳቀ። «እንግዲያው ባዶ ቤት አይደለማ! ወይ የለም በል፣ ወይ ይነክሳል በል። ሁለቱንም ካልክ እኮ ከአባባ ባሩድ ይልቅ የምታምንበት አንተ ነህ።»

ሚስቲቱ «ይሄን ልጅ ለድንጋይ ከሰጠነው ይልቅ ለፍርድ ቤት ብንሰጠው ይሻል ነበር» አለች። ቱምቢ አልሳቀም። መልስ ያጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያስባል፣ ወይ ይቆጣል። ቱምቢ ከልጅነቱ የለመደው መንገድ አንድ ነው። ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄደ። መምህሩ የላይኛው ሰፈር የጸሎት ቤት አገልጋይ፣ ንጹሕ እጅና ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ሰው ከእሱ ዘንድ ተጨንቆ ገብቶ እርግጠኛ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህ የከፋ ተሰጥኦ ደግሞ የለም።

«የሐሰት ጸሎት ላይ ‹ይሁን› ያለ አፍ የዚያን ቀን ለሌላው ጌታ ነው የሚመሰክረው» አለው መምህሩ። «ወንድምህ እየሳቀ እየሄደ ነው።»

«ምን ላድርግ? መታሁት፣ መከርኩት።»

«አለቃ ነህ አይደል? ሥልጣን የተሰጠህ ድንጋይ እንድታዝበት ብቻ ነው?»

ቱምቢ ከዚያ ሲወጣ ትከሻው ቀለለው። ጠዋት ሠራተኛውን ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ሰበሰበ።

«ከዛሬ ጀምሮ መከለያው ውስጥ የጸሎት ሰልፍ የለም። ክር ከመለኮሱ በፊት እኔ እጸልያለሁ። አጭር ነው። ፍንዳታው እንዳለቀ ፊሽካ እነፋለሁ፣ ወደ ሥራ። አባባ፣ አንተ ክርህን ለኩስ፤ አፍህን ግን ዝጋ።»

አባባ ባሩድ የሚሰማውን ጆሮ አዞረለት። «አፌን ዝጋ ካልከኝ እዘጋለሁ፣ ልጄ። ግን የተራራው ባለቤት ጎኑ ተወግቶ ዝም ሲባል ደግ አይደለም። እስኪበርድለት ነው የምንለምነው።»

«የተራራው ባለቤት ኩባንያው ነው» አለ ቱምቢ። ሰዉ ሳቀ።

«ሳቁ። እኔን ያስተማረኝ ሰው ግን ሳይለምን አንድ ቀን አልወጣም።»

«አንተን ያስተማረህ ሰው አምላኩ ደንቆሮ ስለሆነ ሲጮህ ኖረ። የእኛ አምላክ ጆሮው አይከብድም። አንድ ቃል ይበቃዋል።»

ላይኞቹ አጨበጨቡ። ታችኞቹ መሬት መሬት አዩ፤ እንጀራ ነው። ጥርሴ ብቻ «ወንድም ጋሼ፣ ቢያንስ የማንቀላፊያ ጊዜያችንን ተውልን» አለና ደግሞ ሳቅ ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። «ጌታ ሆይ ጠብቀን፣ አሜን» ይባላል፣ ክሩ ይለኮሳል፣ ዓለቱ ያገሳል፣ ፊሽካው ይነፋል። የገልባጩ ሹፌር «ከጸሎት የተረፈችው ጊዜ አንድ መኪና ሙሉ ድንጋይ ወለደች» እያለ ይቀልዳል። ኩባንያው ቱምቢን አመሰገነ፤ መምህሩም አመሰገነ። ሰማይና ምድር አንድ ላይ ሲያመሰግኑ ራሱን የሚጠረጥር ሰው ከየት ይመጣል? ጥርሴም «ይሁን» ማለቱን ተወ፤ የሚባልበት ነገር ጠፋ እንጂ አምኖ አይደለም። ቱምቢ ግን ልጁ በእጁ የገባ መሰለው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። መከለያው ውስጥ ፍንዳታው አልፎ ዝምታ ሲሆን፣ ያ የተከለከለው ጸሎት እሱ ራሱ ውስጥ ይጀምራል። ምስጋናው፣ ይቅርታው፣ ሐረግ በሐረግ፣ በሽማግሌው ዜማ። ጆሮው ለዓመታት ሳይፈልግ የሰበሰበውን አሁን ያለ ፈቃዱ ይዘረግፈዋል። ፈጥኖ ፊሽካውን የሚነፋውም ያንን ለማቋረጥ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፊሽካው ተነፍቶ ፊተኞቹ ከበሩ ብቅ ሲሉ፣ ከወዲያ በኩል አንድ የዘገየ ጩኸት ተሰማ። ጠጠር በጣሪያው ላይ ዘነበ። ሰዉ ተጋፍቶ ተመለሰ፤ ከዚያ እርስ በርሱ ተያይቶ ሳቀ። የአባባ ባሩድ ፊት ግን አመድ ሆነ።

«ሰማችሁ? አልበረደለትም» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ክሩ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅ ነበር። የጠየቀ የለም። ሽማግሌው የባለቤቱን ቁጣ ሰማ። ቱምቢ ደግሞ የሽማግሌውን ጥንቆላ ሰማ። ሁለቱም በየእምነታቸው ጆሮአቸውን ደፍነው በመካከላቸው የፈነዳውን ነገር ሳይሰሙት ቀሩ።

«የተንከባለለ ቋጥኝ ነው!» ሲል ቱምቢ ጮኸ። «ሟርትህን ይዘህ ዝም በል፤ አለዚያ ከነቆብህ ከዚህ ትወጣለህ!»

ከዚያ ዝናብ መጣ። ሰማዩ ቀን ከቀን አላባራ አለ፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ማንጠብጠብ ጀመረ፣ የክሩ ጥቅል የተቀመጠበት ሳጥን ከስር ሻገተ። ፀሐይ የወጣች ዕለት አባባ ባሩድ ክሩን በጣቶቹ መሃል አሻሽቶ ለቱምቢ አሳየው።

«እርጥበት ጠጥቷል። እሳቱ ውስጡ ገብቶ ያንቀላፋል።»

«ይነድዳል ወይስ አይነድድም?»

«መንደዱንማ ይነድዳል።»

«እንግዲያው ምን ትፈልጋለህ?»

ሽማግሌው አካባቢውን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዴ ልለምን፣ ልጄ። ዛሬን ብቻ። በሆዴም ቢሆን፤ እናንተ ተቀመጡልኝ ብቻ።»

ቱምቢ ከሽማግሌው ዓይን ውስጥ ያየው ሟርት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፣ ተራ የሠራተኛ ፍርሃት። «እሺ» የምትል ቃል እስከ ምላሱ መጣች። በዚያች ቅጽበት ጥርሴ መሰርሰሪያውን ተሸክሞ በአጠገባቸው አለፈና «አባባ፣ ዛሬ ሊፈቅድልህ ነው መሰል! ‹ይሁን› ልል ጉሮሮዬን ልጥረግ?» አለ።

ያቺ ቃል ተመልሳ ገባች። «ክርህን ሰካ» አለ ቱምቢ።

«ጌታ ሆይ ጠብቀን፣ አሜን» ተባለ። ክሩ ተለኮሰ። ዓለቱ አገሳ፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ ሁለት ይሁኑ ሦስት ተደራርበው ያልተለዩ። ከዚያ ዝም። ሁሉም ጉድጓድ ፈንድቷል? ቱምቢ አፉ ላይ ፊሽካውን ይዞ አዳመጠ። ውስጡ ያ ዜማ ጀመረ። አባባ ባሩድ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ሰዉ አለቃውን ያያል።

ቱምቢ ነፋው።

ጥርሴ ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞ ተነሣ። በሩ ላይ ዞር አለና «ጆሮው አይከብድም አይደል ወንድም ጋሼ?» አለ፤ ጥርሱ እንደተለመደው አልተከደነም። ወጣ። ሌሎቹ ገና ቆባቸውን እያጠለቁ ነበር። ቱምቢ እሱን ተከትሎ የበሩን ደፍ ሲረግጥ በውስጡ የሚሄደው ጸሎት ከመዶሻቸው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ ሚስቶቻቸው አለፈ። ለእናቶቻቸው ሲደርስ ተራራው እንደገና አገሳ።

ልጁን ያገኙት አቧራው ሲሰክን ነው። የተገኘውን ለማውራት የደፈረ የለም።

ለቅሶ ቤት መምህሩ ከቱምቢ ጎን ተቀምጦ እጁን ያዘው። «አትዘን» አለው በለስላሳ ድምፁ። «ንጹሕ ሆኖ ነው የሄደው። ያ ቃል ከአፉ ከወጣ ቆይቷል። ለዚህ ያበቃኸው አንተ ነህ፤ አድነኸዋል።» ከበሩ ውጭ የቆሙት የታችኛው ሰፈር ሰዎች በበኩላቸው ይንሾካሾኩ ነበር፤ ልመናው ተከለከለ፣ ባለቤቱ ተቆጣ፣ ድርሻውን ወሰደ። ሁለት አማልክት በአንድ ሬሳ ተሻሙ። ስለረጠበው ክር አንድም ሰው፣ ከላይም ከታችም፣ ትንፍሽ አላለም።

አባባ ባሩድም መጣ። ቱምቢ ፊት ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ልትመርቀኝ ነው?» አለው ቱምቢ።

«የለም። ጥፋቱ የኔ ነው ልልህ ነው። አንተን ፈርቼ የተራራውን ባለቤት አስቀየምኩት። ከእንግዲህ እዚያ ተራራ ላይ እግሬ አይደርስም።»

ሽማግሌው አጎንብሶ ወጣ። ያ ሰው እድሜውን ሙሉ የእሳቱን ጠባይ በጣቱ ያውቅ ነበር፤ ያወቀውን ግን ለአንድ ቀን እንኳ በራሱ ስም ተናግሮት አያውቅም። ሁሉን ለአምላኩ ሰጥቶት ነበር። አምላኩ ሲከለከል እውቀቱም አብሮ ተከለከለ።

ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሚስቱ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ያ ሽማግሌ በሚጸልይበት ዘመን፣ ከፍንዳታ በኋላ ሰው ሞቶ ያውቃል?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«አንድ ሰው? ከላይ ይሁን ከታች?»

«ዝም በይ።»

«እኔማ ዝም እላለሁ። አንተ ዝም ማለት ትችላለህ ወይ?»

አልቻለም። ያቺን ሐረግ እየመላለሰ አሰባት። ለእናቶቻቸው። ጸሎቱ ቢጸለይ ኖሮ በዚያች ሰዓት ልጁ አግዳሚው ላይ ነበር፤ እየሳቀ፣ «ይሁን» እያለ። የተሳሳተ አምላክ፣ የሌለ አምላክ፣ የሚነክስ ውሻ የሌለበት ባዶ ቤት፤ ግን በሩ ላይ ቆመው ሲያንኳኩ የቆዩትን ሁሉ አትርፏል። ታዲያ ይህ ከሆነ ልጁን የገደለው ማን ነው? ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ ቱምቢ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተባረረ አውሬ ወደ ኋላ ሸሸ። የሚሸሽበት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር፤ የመምህሩ ቃል። አድነኸዋል። ያ ቃል እውነት ካልሆነ እሱ ነፍሰ ገዳይ ነው። ስለዚህ እውነት መሆን አለበት። ቀድሞ ያመነው እውነት ስለመሰለው ነበር፤ አሁን ግን እውነት ባይሆን መግቢያ ስለሌለው ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን እምነት ደግሞ ተራራ አይነቀንቀውም። ሰው ይፈጅ እንደሆነ እንጂ።

ኀዘኑን ሳይጨርስ ወደ ካባው ተመለሰ። ሠራተኞቹ አንድ ነገር እስኪል ጠበቁት። ፊቱ ከስቷል፣ ጀርባው ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«ሥራው እንደነበረ ይቀጥላል» አለ። «የተለወጠ ነገር የለም።»

የገልባጩ ሹፌር፣ ያ ቀልደኛ፣ «አለቃ፣ ትንሽ ብንቆይስ? ለኀዘኑ ያህል» አለ።

«ምን ልንጠብቅ?»

ሹፌሩ የሚያውቀው መጠበቅ እንደሚሻል ብቻ ነው።

ክሩን የሚለኩስ አዲስ ሰው፣ የላይኛው ሰፈር ልጅ፣ ተመደበ። ጥቅሉ ያው ነው፤ ሳጥኑ ያው የሻገተው ሳጥን ነው። «ጌታ ሆይ ጠብቀን፣ አሜን» አለ ቱምቢ፤ «አሜን» ያለው ድምፅ ስስ ነበር። ገቡ። ዓለቱ አገሳ። ጣሪያው አቧራውን አራገፈ። ፊሽካው ተነፋ።

የተነሣ የለም።

ደግሞ ነፋው። ሰዎቹ አግዳሚው ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ድምፅ አያሰሙም፤ የሁሉም ከንፈር ግን ይንቀሳቀስ ነበር፣ የላይኞቹም የታችኞቹም፣ የአዲሱም ለኳሽ። ማንን እንደሚለምኑ ከንፈራቸውን አይቶ መለየት አልተቻለውም።

«ለማን ነው?» ሲል ጮኸ። «ለማን ነው የምትጸልዩት?»

ቀና ያለ አልነበረም። ቱምቢ ጀርባውን ሰጣቸውና ደፉን ተሻግሮ፣ አቧራው ገና ወዳልሰከነበት ብቻውን ወጣ። መከለያውን ዞረ። ከዓለቱ ፊት ደርሶ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ከፊቱ ከተቆለለው ድንጋይ መሃል፣ አቧራ ይሁን የክር ጭስ ያልለየለት፣ አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ትክ ብሎ አየው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላለም።